አይገባኝም ያልኩ ዕለት

በ1951 ዓ.ም. የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። ሥራዬ ግንበኝነት ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ የካ ሚካኤል ስንት የድንጋይ መሠረት በእጄ ቆሟል።

የሚካኤል ማኅበር ነበረን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። የማኅበሩን መሪ ሙሴ እንለዋለን። የነበሩት ሙሴ አርጅተው «ዓይኔ ደከመ፣ ሌላ ምረጡ» አሉ። ያችን ሹመት ከልቤ ፈለግኋት። ሌላው ቢቀር ከቄሱ አጠገብ ታስቀምጣለች።

ቄሱ የንስሐ አባቴም ናቸውና ሐሳቤን ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«አንተን? አንገትህን እንዲህ ቀስረህ እየሄድክ ማን ይመርጥሃል? መጀመሪያ ትሕትና ተለማመድ።»

ተለማመድኩ። ሦስት ወር ሙሉ በሩ ሥር፣ ብርድ የሚገባበት ቦታ ተቀመጥኩ። «ኧረ ወደ ላይ ከፍ በል!» ሲሉኝ «እኔ ማን ነኝና» እላለሁ፤ ሰው ሁሉ መስማቱን ግን ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። አንድ ወር ማንም ከፍ በል ሳይለኝ ቀረ። ያን ቀን ጠላው አልወርድ አለኝ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ለት ምርጫ ሆነ። ቄሱ ብድግ ብለው የኔን ስም ጠሩ። ልቤ ዘለለች። ግን ደንብ አለ፤ ሰው ሲሾም እሺ ብሎ አይዘልም። አይገባኝም ይላል፣ ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይሸነፋል። እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ፦

«አይገባኝም አባቴ፤ ከኔ የሚሻል አለ» አልኩ።

«እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌው ሙሴ።

ልመናውን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም።

«እሱ ራሱን ያውቃል» አሉ ደግመው። «ታዲያ ማን ይሻላል ትላለህ ልጄ?»

ተናደድኩ። ማንም የማይቀበለውን ሰው ላሳያቸው ብዬ ከማኅበርተኛው መሐል ጭቃ አቡኪዬን ጠቆምኩ። ከእንጦጦ ጀርባ የመጣ፣ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። «ይሄ ይሁን!»

«ኧረ እኔ አይገባኝም» አለ ደንግጦ።

«ይገባሃል!» አለ ቤቱ በሙሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰውዬው በሁለተኛው እሺ አለ፤ ሦስተኛውን እንኳ አልጠበቀም።

«ጭቃ የሚረግጥልኝን ሰው ነው ሙሴ የምለው?» ብዬ ጮህኩ። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ጠላዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሚስቴ ተከትላኝ ቤት ገባች። ሳቋን ይዛዋለች።

«አይገባኝም ያልከው የምርህን ነው?»

«ለደንቡ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ቄስ ፊት ዋሽተሃል። የምርህን ከሆነ ደግሞ ምን አስቆጣህ?»

ጋቢዬን አውልቄ መደቡ ላይ ወረወርኩት።

«አሁን ሰውን በሰው ፊት አዋርደሃል» አለች። «ከኩራትህ ጋር አምስት ዓመት የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው። ነገ ሥራ ቢቀርብህስ? ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቀው።»

«እኔ? ለጭቃ አቡኪዬ?»

«ለሙሴህ።»

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ድንጋይ መረጥኩ። መጀመሪያ ያነሣሁት ለማዕዘን የሚሆን ትልቅ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ አይቶ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» እንዲል። ሚስቴ ከደጃፉ ሆና «ትንሹን!» አለችኝ። ትንሹን አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ ሥራችን ቦታ ዳገቱን ወጣሁ። ሰውዬው ቀድሞኝ ደርሶ አፈር ይቆፍራል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁትም።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ለመሠረቱ ነው?»

«ላንተ ነው። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአንገቴ አወረደው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቀጥሎ ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ፣ «ግን ትንሽ ቀለለ» ብሎ ሳቀ።

ሱሪዬን ጠቅልዬ ጭቃው ውስጥ ገባሁና መርገጥ ጀመርኩ። እሱ ዳር ቆሞ አየኝ፣ አየኝና፦

«ጋሼ፣ ቀጥኗል፤ አፈር ይጨምሩበት» አለ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁትና አካፋውን አንሥቼ አፈር ጨመርኩ።