ሺሺንዳ ላይ ንባባችን ውስጥ የገባው ዝናብ

ቦንጋ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመስክ ኃላፊያችን ጋሽ ወልዴ የስበት መለኪያውን ሣጥን አስታቀፉኝና፣ «ይሄ ከዕቃ ጋር አይጫንም። ጉልበትህ ላይ ይዘኸው ትሄዳለህ» አሉኝ። እስከ ዋጫ ከተማ ድረስ ታቅፌው ሄድኩ። ስወርድ እግሬ ደንዝዞ መቆም አቃተኝ።

መሣሪያው መሬት ወደ ታች የምትስብበትን ኃይል ይለካል። ከሥር ጠጣር አለት ካለ ስበቱ ይጨምራል፤ ውሃ የሚይዝ የላላ አለት በወፍራሙ ካለ ይቀንሳል። እኛም ስበቱ ዝቅ ያለበትን ፈልገን የጉድጓድ ቦታ እንጠቁማለን። የመሣሪያውን ሦስት እግሮች በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ትንፋሽን ይዞ ማንበብ ነው። ከዚያ ቢሮ ገብተን ንባቡን ለጨረቃና ለፀሐይ ስበት፣ ለአየር ግፊት፣ ለከፍታ እናርማለን።

በሁለተኛ ዓመቴ ለሺሺንዳ የውሃ ጉድጓድ ቦታ እንድንመርጥ ታዘዝን። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ላይኛውን ቦታ በየካቲት ለካን። መኪናችን ተበላሽቶ ስለከረመ፣ ገበያው ሥር ያለውን ታችኛውን የለካነው ነሐሴ ላይ ነው። የላይኛው ስበት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጋሽ ወልዴ «በቃ፣ ላይኛው ነው» አሉና ሪፖርቱን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

ከመጻፌ በፊት ታችኛውን አንድ ጊዜ ልደግም ተመለስኩ። አጠገቡ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ከግቢያቸው ጉድጓድ ውሃ ይቀዱ ነበር።

«በየካቲት ይሄ ገመድ አይደርስልኝም ነበር፤ መቀነቴን ቀጥዬ ነው የምቀዳው» አሉኝ። «አሁን እየው፣ ግማሹ እጄ ላይ ቀርቷል።»

ገመዱን በሜትር ለካሁት። በየካቲት ያልነበረ ውሃ መሬቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያም ውሃ ክብደት አለው፤ በነሐሴ የወሰድነውን የታችኛውን ንባብ ከፍ አድርጎታል።

ቢሮ ገብቼ የዝናቡን ውሃ ስበት ከንባቡ ልቀንስ ሞከርኩ። አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ግን አላውቅም። ትንሽ ይይዛል ብዬ ሳሰላ ላይኛው ይመረጣል፤ ብዙ ይይዛል ብዬ ሳሰላ ታችኛው። ሦስት ቀን ለፋሁ፤ ያው ሆነ።

«ጋሽ፣ ይህን መፈረም አልችልም» አልኳቸው።

«ሕዝቡ ውሃ እየጠበቀ ነው። ለዞኑ 'አናውቅም' ብዬ ልጻፍ?»

«የስህተቱ መጠን ከሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ይበልጣል ብለን እንጻፍ። በበጋ ሁለቱንም በአንድ ቀን እንለካ።»

«ቁፋሮው ቢዘገይ ተጠያቂው አንተ ነህ።»

«እሺ፣ በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። ሺሺንዳ በተጠራው ስብሰባ ላይም እኔው ቆሜ እንዳስረዳ ተደረገ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «ልጄ፣ ውሃ በዛ ብሎ ውሃ የሚከለክል ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥር ላይ ተመለስን። ከጠዋት እስከ ማታ በሁለቱ ቦታዎች መካከል እየተመላለስን ለካን። የታችኛው ስበት ዝቅ አለ፤ ልዩነቱም ከስህተቱ መጠን በለጠ። ጋሽ ወልዴ የመስክ ደብተሩን ሁለቴ አገላብጠው አዩና፣ ሪፖርቱ ላይ ከእኔ ፊርማ በላይ ፈረሙ።

ታችኛው ተቆፈረ፤ ውሃ ወጣ። ላይኛው ቢቆፈርስ ይወጣ ነበር? አላውቅም፤ አልተቆፈረም።

እርማት ራሱ ግምት አለበት። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ከንባብ ላይ ስትቀንሱ ምን ያህል ልትሳሳቱ እንደምትችሉ ከቁጥሩ ጎን ጻፉ። ያ ካልተጻፈ አትፈርሙ።