የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ነበር

አሁን በምኖርበት አገር እንጀራዬን የማገኘው ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ አንድ ካርቶን ሰጠችኝና «አርጅቷል፣ ጣይው» አለችኝ። ከፈትኩት። አሥር ጉድጓድ ያለው ወፍራም ጣውላ ነበር፤ በየጉድጓዱ ልክ የተሠሩ የሻማ ቁራጭ የሚመስሉ አሥር እንጨቶችም አብረውት አሉ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ በየአናታቸው ለሕፃን ጣት የምትሆን ትንሽ መያዣ። ቀለሙ ለቋል። መያዣዎቹ ከጣት ብዛት የተነሣ ያብረቀርቃሉ። አንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የማላውቃቸው የሰው ልጆች ለዓመታት ሲያወጡ ሲከቱ፣ ሲያወጡ ሲከቱ ጨርሰውታል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ካርቶኑን አቅፌ ቆሜ ንዴት ያዘኝ። ከየት መጣብኝ ልበል? ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከደሴ ነው የመጣው።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። የግል መዋዕለ ሕፃናት በየሰፈሩ እንደ አሸን የፈሉበት ጊዜ ነበር። ሁሉም በሩ ላይ ዳክዬና ፊኛ ያስላል፤ ከሥሩም «ሞንቴሶሪ» ብሎ ይጽፋል። ቃሉን የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ አባት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው «ሞንቴሶሪ ማለት ባለቤትዮዋ ናቸው ወይስ የሰፈሩ ስም ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ውስጥ ሲገባ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው ዱላ ነው። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው «ሀ ሁ ሂ» እያሉ ይጮኻሉ።

የእኛ ትምህርት ቤት ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ዕቃው በእርግጥ ነበረን። ከባህር ማዶ የሆነ የእርዳታ ማኅበር በሣጥን በሣጥን ልኮታል፤ ባለ ጉድጓድ ጣውላዎቹ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረደሩት ሮዝ እንጨቶች፣ ውሃ የሚገለበጥባቸው ትናንሽ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያዎች። ዳይሬክተሯም ሁሉንም ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድረው ቆለፉበት። ቁም ሳጥኑ የተቀመጠው ቢሯቸው ቢሆን መልካም ነበር። የቆመው ክፍል ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ፊት ለፊት። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆች በመስተዋት እያዩት ገብተው፣ በመስተዋት እያዩት ተመርቀው ወጡ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ነገሩ ነውር መሆኑ አልታየኝም። ኮምቦልቻ ያደግኩበት ቤት ውስጥ እናቴ ቡፌ አላት፤ ቡፌው ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት ብርጭቆዎች አሉ። ለእንግዳ ናቸው። እኛ በጣሳ እየጠጣን አድገናል። ከቤት ስወጣም ብርጭቆዎቹ ስድስት እንደሆኑ ነበሩ፤ እናቴም በዚህ ትኮራለች። እና ጥሩ ነገር ሲቆለፍ፣ ጥሩ ነገር እየተጠበቀ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዳይሬክተሯ ሲሰጡኝ «አንቺ የጌታ ልጅ ነሽ፤ ጥንቁቅ ነሽ፤ እንደ ሌሎቹ ዝም ብለሽ አትከፍቺውም» አሉኝ። እንደ ምስጋና ተቀበልኩት። ሲብስ ደግሞ ዕቃው ለምን እንደተሠራ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት የሞንቴሶሪ ሥልጠና ልከውኝ ነበር። ልጅ ራሱ መርጦ ያነሣል፣ ምንጣፉን ዘርግቶ ይሠራል፣ ሲጨርስ ምንጣፉን ጠቅልሎ ሁሉን በቦታው ይመልሳል፤ አስተማሪ ዝም ብላ ታያለች። ይህን ሁሉ በደብተሬ በጥንቃቄ ጽፌ፣ ደብተሬን ዘግቼ፣ ዱላዬን አነሣሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሐረጎን ዳገት በጭጋግ ወጥቼ፣ ቀሚሴን ጭቃ ነክቶት ስደርስ ዳይሬክተሯ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አርብ እንግዶች ይመጣሉ። ዕቃውን የላኩት ሰዎች ናቸው። ልጆቹ አያያዙን እንዲለምዱ ሳምንቱን ክፈቺው። ግን ከዓይንሽ እንዳይርቅ!»

ዘበኛችን፣ ነገር ማቀበል የሚወዱ ሽማግሌ፣ መስተዋቱን ስወለውል በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንቺ ጴንጤ፣ ምን ብለሽ ጸልየሽ ነው ይኼ ነገር የተከፈተ?»

«እንግዳ ሊመጣ ነው አባባ።»

«አይ! እኔማ ወላሂ ለልጆቹ መስሎኝ» ብለው ሄዱ።

ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው አያስቅም።

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ «የፈለጋችሁትን አንሡ» ስላቸው ማንም አልተነቃነቀም። እጃቸውን አጣጥፈው አዩኝ። ሦስት ዓመት «አትንኩ» የተባለ ልጅ በአንድ ጠዋት ይነካል? ምንጣፍ ዘርግቼ ባለ ጉድጓዱን ጣውላ አወረድኩና አንዱን እንጨት አውጥቼ መልሼ ከተትኩ። ከዚያ ዞር አልኩ።

የመጣችው ከሁሉ ኋላ የምትቀመጠው ናት። ከኩታበር ገጠር መጥታ ደሴ አክስቷ ዘንድ የምትኖር የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ እንድትማር ብሎ ነው የላካት። በአነጋገሯ ከተሜዎቹ ልጆች ስለሳቁባት መናገር ትታለች፤ ድምፅዋን ከመስከረም ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አሥሩንም አወጣች። መልሳ ስትከት ቀጭኑን ሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ሰደደችው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም እንጨት እጇ ላይ፣ አንድ ጠባብ ጉድጓድ ፊቷ ላይ ቀረ። ገፋችው፣ አዞረችው፣ አልገባም አለ። ልረዳት እጄን ዘረጋሁና ሰበሰብኩት። እንጨቱ ራሱ ይነግራታል ብለው አስተምረውኛል። ነገራት። አሥሩንም አውጥታ እንደገና ጀመረች። ደወል እስኪደወል ቀና አላለችም።

ስቆልፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ሚስ፣ ነገም ይከፈታል?»

በዚያ ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። እኔም በለመድኩት አፍ «እግዚአብሔር ካለ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» ብላ እንደ ትልቅ ሰው ጨረሰችልኝና ልቧ ዐርፎ ሄደች።

ማክሰኞ ሌሎቹም ደፈሩ። ክፍሉ ዝም አለ፤ የፍርሃት ዝምታ አይደለም፣ ሥራ የያዘው ሰው ዝምታ ነው። ዱላዬን የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁ። የኩታበሯ ልጅ አሁን የምትሳሳተው ሁለቱን ብቻ ነበር። ሲወጡ ጠየቀችኝ፤ «እግዚአብሔር ካለ» አልኳት፤ «ኢንሻአላህ» አለች።

ረቡዕ አንዷ ልጅ ውሃ ስትገለብጥ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ዳይሬክተሯ ከቢሯቸው ሮጠው መጡ።

«ጉዴ! ከውጭ የመጣውን! እንግዳ ፊት ቢሆን ኖሮስ? አንቺስ ቆመሽ የምታዪው ምንድን ነው?»

ብርጭቆ የሆነው እኮ እንዲሰበር ነው፤ ልጅ ጥንቃቄን የሚማረው ከሚሰበር ነገር ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ። አፌ ላይም ነበር። «ይቅርታ» ብዬ ስብርባሪውን ለቀምኩ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔ እለቅማለሁ። በዚያች ሰዓት የዋጥኩት ንዴት ነው ዛሬ ካርቶን አስይዞ ያቆመኝ።

ሐሙስ ሥራ ቀረ፤ ልምምድ ሆነ። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል የእንግሊዝኛ መዝሙር አለ፤ እሱን እየዘመሩ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ ይዞ ይቆማል። ዳይሬክተሯ መካከል ቆመው ያጨበጭባሉ፦

«ከፍ አድርጋችሁ ያዙ! መያዝ ብቻ! መሥራት የለም!»

እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ ሰምቼ ዘመርኩ።

የኩታበሯ ልጅ ጣውላዋን ይዛ ቀስ ብላ ከጠረጴዛዬ ሥር ገባች። አየኋት። ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩና በቀሚሴ ከለልኳት። ያን ሳምንት ያሳየሁት ድፍረት ይኼ ብቻ ነው። መዝሙሩ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ከእግሬ ሥር የእንጨት ድምፅ ይሰማኛል፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አሥሩም ገብተዋል። አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። በመዳፏ አናታቸውን አሻሸችው፤ አንዱም ከጣውላው በላይ አልቀረም። ቀና ብላ «ሌላኛውስ ጣውላ?» አለችኝ። ሁለተኛው ይከብዳል፤ እንጨቶቹ በውፍረት ሳይሆን በርዝመት ነው የሚለያዩት።

«ሰኞ እሱን ትሠሪያለሽ፤ እግዚአብሔር ካለ።»

«ኢንሻአላህ» አለች፤ በዚህ ጊዜ ጥርሷን አሳይታ።

ይህን ያልኳት ልዋሻት አይደለም። እንግዶቹ ሲሄዱ ቁም ሳጥኑ ክፍት እንዲቀር ዳይሬክተሯን ልለምን ወስኜ ነበር። ሌሊቱን ጸልዬበታለሁ።

አርብ እንግዶቹ መጡ፤ አንድ ሴትዮ፣ አንድ ሰውዬ፣ አንድ አስተርጓሚ። ልጆቹ ዕቃውን ከፍ አድርገው ዘመሩ። ፎቶ ተነሣ። ሴትዮዋ ግን ፎቶው ላይ አልቆየችም፤ ልጆቹ መሐል ቁጭ ብላ ከኩታበሯ ልጅ እጅ አንዱን እንጨት ተቀበለችና መያዣውን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ሦስት ዓመት ሆኖት ቀለሙ ተጫጭሮ አያውቅም። ወደ እኔ ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ልጆቹ በየቀኑ ይሠሩበታል ወይ ትልሻለች» አለኝ አስተርጓሚው።

ዳይሬክተሯ አዩኝ። ልጅቷም አየችኝ። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። «አይ» ማለት ነው። እኔ ምን አልኩ?

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አስተርጓሚው «አዎ» ብሎ ተረጎመው። ምን ያድርግ? እኛ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አልዋሸሁም፤ እውነትም አልተናገርኩም፤ በመሐል የጌታን ስም ጣል አድርጌ አለፍኩ። ሴትዮዋ እንጨቱን ለልጅቷ መለሰችና ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አለች። ያንን አስተርጓሚው አልተረጎመልንም።

ሲሄዱ ዳይሬክተሯ ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አየሽ? ዛሬ ከካርቶን የወጣ ነው የሚመስለው! እስቲ ማን ነው እንዲህ የሚይዝ?»

«እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ብንተወውስ? ልጆቹ ገና መልመዳቸው ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«እና ሌላ እንግዳ ሲመጣ ምን ላሳይ ነው? ሰባራ እንጨት? አንቺ ደግሞ! እኔ እኮ ለልጆቹ ብዬ ነው የምጠብቀው።»

«እሺ» አልኩ።

ልመናዬ ይኼው ነው፤ አለቀ። መጀመሪያ የልጆቹን የጣት አሻራ ከመስተዋቱ ላይ ጠረግሁ፤ በደንብ አድርጌ፣ በእርጥብም በደረቅም ጨርቅ። ከዚያ ቆለፍኩ። ማንም እንደዚያ ጥረጊ አላለኝም።

በዳይሬክተሯ ለብዙ ዓመት ተናድጃለሁ፤ አሁንም አልተወኝም። እሳቸው ግን የሚያውቁትን ነው ያደረጉት፤ እናቴ ለብርጭቆዎቿ ያደረገችውን። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያን ሳምንት ደጋግሜ የአምላክን ስም ጠርቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን በኪሴ ስላለው ቁልፍ አልተናገርኩም። የእኔን እምቢታ እሱ ላይ ነው ያላከክሁት። ዛሬ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ መንገድ «እግዚአብሔር ካለ» እላለሁ። በእጄ ስላለ ነገር ሲጠይቁኝ ግን ምላሴን እነክሳለሁ። ካርቶኑንም አልጣልኩትም፤ አልጋዬ ሥር ነው።

ሰኞ ልጅቷ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ነበር። ስገባ ምንጣፏን ራሷ አውርዳ፣ ቁም ሳጥኑ ፊት ዘርግታ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ያሳየኋትን አልረሳችም። እኔ ጋዋኔን ለበስኩ። ስም ጠራሁ። ጠመኔ ፈለግሁ። እሷ ትጠብቃለች። ሌሎቹ ልጆች አንድ ባንድ መስተዋቱን አይተው አግዳሚው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ እነሱ ቶሎ ገባቸው።

ብዙ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሚስ፣ አላህ እምቢ አለ?»

ዱላው እጄ ላይ ነው። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አዎ እንደማለት።

አልተከራከረችም። እሱ እምቢ ካለ ማን ይከራከራል? ተነሥታ ምንጣፏን ጠቀለለች፤ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ ሳታጣምም፣ ልክ እንዳስተማርኳት። በቦታው መለሰችው። ከእኔ አልፋ ወደ ኋላ ወንበሯ ስትሄድ፣ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ እንዳትሰማ ኪሴን በመዳፌ ጨምቄ ያዝኩ።