በፈላ ውሃ ያልነቃው ማብሪያ

ከሞተር ሳይክል ራዲያተር የሚገነፍል ውሃ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ዛሬ ደብረ ታቦር ካለው ጋራዤ አንድ ወጣት የፈላች አሮጌ ሞተሩን እየገፋ ሲያስገባ፣ ያ ሽታ ጉና ተራራ ላይ ወዳለው መንደራችን ወሰደኝ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ በሞተራቸው ወደ ከተማ አውርደው ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡኝ ነበር። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ስለሆነ በእግር አይደረስም። ገና ከመንደር ሳንወጣ ሞተሩ ፈላ፤ ማራገቢያው አልዞረም። አጎቴ ሙቀት ሲበዛ ማራገቢያውን የሚያስነሳውን ማብሪያ ፈቱና ከባትሪና ከአምፖል ጋር በሽቦ አገናኙት። ከዚያ እናቴ ጥዳው ከነበረው የፈላ ውሃ ውስጥ ነከሩት። አምፖሉ አልበራም።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ይቆይ» አልኳቸው።

«ምን ሊሆን? በፈላ ውሃ ያልነቃ ዕቃ ሞቷል። ትምህርቱ ለከርሞ ይሁንልህ» ብለው ማብሪያውን ገደል ወረወሩት።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እርግጠኛ ነበሩ እንጂ። ለከርሞ አባቴ ሞፈር አስያዘኝ።

ፊደል የቆጠርኩት የልጆች አባት ሆኜ ነው። እንደ ጉና ባለ ከፍታ ውሃ ብዙም ሳይግል እንደሚፈላ ያነበብኩትም ያኔ ነው። ያ ሙቀት እንዲህ ያለውን ማብሪያ ለማስነሳት አይበቃም።

ስለዚህ እኔ የምፈትነው ከውሃ በላይ በሚግል ዘይት ነው። የወጣቱም ማራገቢያ አልዞር ብሎ ስለነበር፣ ማብሪያውን ከባትሪና ከአምፖል ጋር አገናኝቼ ነከርኩት፤ ዘይቱ ሲግል አምፖሉ ቦግ አለ።

«ደህና ነው እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ነው። ያኛውም ደህና ሳይሆን አይቀርም።»

«የትኛው?»

«የማራገቢያውን ፊውዝ ፍታልኝ» አልኩት።