ለባቡር የተተወ ቦታ

ጋሽ ማህጁብ ባቡር ያዩት በወጣትነታቸው ነው። ያኔ ድንበር ተሻግረው፣ ሱዳን ውስጥ ደማዚን ጣቢያ የሰሊጥ ጆንያ ይጭኑ ነበር። ሆሞሻ ተመልሰው ከእትዬ ኢቲዳል ጋር ጎጆ ከወጡ በኋላም ባቡሩ ከአፋቸው አልጠፋም። ጭቃ የያዘው መኪና ባዩ ቁጥር «ባቡር ጭቃ አያውቅም» ይላሉ። እንዲህ እያሉም ድንጋይ ተሸክመው ከጎማው ሥር የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ ዳገቱ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። እመታጠፊያው ላይ እናታቸው የተከሏት ማንጎ ነበረች። ሾፌሩም ገበያተኛውም ጥላዋ ሥር አርፎ፣ የወደቀውን ፍሬ አንስቶ በልቶ ይሄዳል። የወደቀ የመንገደኛ ነው፤ አይሸጥም።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ የመጣው ሰው ሁለት ሐሳብ አቀረበ። አንዱ የዳገቱን መንገድ አስፍቶ ማሻሻል ነው፤ ሌላው የቆመው የደማዚን የጭነት ባቡር እስኪከፈት ጠብቆ ምርቱን በዚያ በኩል ማውጣት። መንገዱ ከሰፋ ማንጎዋ ትቆረጣለች።

ጋሽ ማህጁብ ተነስተው ለባቡሩ ተሟገቱ። አማርኛን የለመዱት ከሾፌሮች ነውና ባቡሩን አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ እያሉ፣ የሆሞሻን ማንጎ ሁሉ ባንድ ጉዞ እንደሚያነሳ አስረዱ። ስለ ዛፏ ትንፍሽ አላሉም። ነገሩ ስለ ዛፏ መሆኑን ግን ያላወቀ አልነበረም። ለዚህ ይመስለኛል ማንም ሊቃወማቸው ሳይደፍር ውሳኔው ለሌላ ቀን የተላለፈው።

በመሃሉ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ጭነት ሊወስድ የመጣው መኪና ዳገቱ ላይ ተያዘ፤ የተለቀመውም ማንጎ በየደጁ መሽተት ጀመረ። ጋሽ ማህጁብ ነፊር ጠሩ። ነፊር ሲጠራ መንደሩ በሙሉ የራሱን ሥራ ትቶ ይወጣል። ድንጋይ ሲደለደል፣ መኪና ሲገፋ ተዋለ፤ ጎማው ግን አልተነቃነቀም። ወደ ማታ እትዬ ኢቲዳል ለሠራተኛው የማሽላ ገንፎ ይዘው ሲመጡ፣ ባለቤታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል።

እትዬ ኢቲዳል ሾፌሩም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገሩ። «አቡ ዲማ፣» አሏቸው በበኩር ልጃቸው ስም፣ «ባቡርህ ነገ ቢከፈት፣ ማንጎውን እስከ ደማዚን በምን ታደርሳለህ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ማህጁብ አልሳቁም። ገንፏቸውን ይዘው ማንጎዋ ሥር ተቀመጡ፤ ሳይበሉት ቀዘቀዘ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለመንገዱ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛፏ ፍሬዋ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ትቆረጥ። ተፈቀደላቸው። እንደገና ነፊር ጠሩ፤ የዚያን ቀን ሥራው መብላት ብቻ ነበር።

መንገዱ ሲያልቅ፣ ከዚያ ፍሬ ዘር ያበቀሏቸውን ችግኞች ተከሉ። ግን ከመንገዱ በጣም አርቀው ነው የተከሏቸው፤ ጥላ የፈለገ መንገደኛ ሜዳ ማቋረጥ ሊኖርበት ነው። ለምን ይህን ያህል እንዳራቋቸው ብጠይቃቸው በጥያቄዬ ተገረሙ።

«በመሃል ባቡር ያልፋል» አሉኝ።

እትዬ ኢቲዳል አጠገባችን ሆነው ችግኝ ያጠጡ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩንም። በተተወው ቦታ ላይ ግን እስከ ዛሬ ባሚያ እንኳ ዘርተውበት አያውቁም።