ቢላዬን ያሰሩብኝ ጊዜ

ጎፋ ውስጥ ክትፎ መሸጥ የጀመርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ሁለት ሴት ልጆቼን ላሳድግ ብዬ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ደረደርኩ፤ ቢላዎቼን ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ጅማት የማወጣበት ቀጭንና ጫፈ ሹል ነው። ቆጮ የምቆርጥበት ሌላ፣ ሽንኩርት የምልጥበት ሌላ። የክትፎው ግን ሰፊና ከባድ ነው፤ እናቴ ስዳር አገር ቤት ቀጥቃጭ ዘንድ አሠርታ የሰጠችኝ። በቀላል ቢላ ሥጋ ሲመታ ይጨፈለቅና ውሃውን ይተፋል። በከባዱ ከሆነ ክንድ አይደክምም፤ ክብደቱ ራሱ ይከትፋል።

በዚያ መሀል የደርግ አሰሳ መጣ። ቤት ለቤት መሣሪያ ይፈለግ ነበር፤ ሰው መጽሐፉን ሳይቀር የሚያቃጥልበት ጊዜ ነው። እኛ ቤት የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ የአብዮት ጥበቃ ጋር ገባ። ሊቀመንበሩ ጎረቤታችን ነበር፤ ከመሾሙ በፊት እኔው ቤት ይበላ ነበር። አልጋ ሥር ፈተሹ፣ የጤፍ ጎታውን በዱላ ወጉ። ምንም ሲያጡ ጥበቃው የክትፎውን ቢላ ከግድግዳ አወረደ።

«ይሄ መሣሪያ ነው» አለ።

«ክትፎ መክተፊያ ነው።»

«በዚህ ሰው ይገደላል።»

«በዘነዘናም ይገደላል። እሱንም ውሰደዋ።»

ሊቀመንበሩ «አፍሽን ሰብስቢ፣ ትንሿ ቢላ ትበቃሻለች» ብሎኝ ቢላዬን ይዘው ሄዱ።

ጎረቤቴ «ነፍስሽ ይበልጣል፣ ተይው» ብላ ለመነችኝ። እውነቷን ነው፣ ፈርቼም ነበር። በማግስቱ ግን ቀበሌ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቢላዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«በትንሿ ሥሪ አልኩሽ።»

«በእሷ የሚወጣው ክትፎ አይደለም። ያልሆነውን ነው ብዬ አልሸጥም።»

አልሰጠኝም። እኔም ቤቴን ዘጋሁ። ደንበኞች መጥተው ምን ሆነሽ ሲሉኝ፣ «ቢላዬ ቀበሌ ታስሯል» እላቸዋለሁ። ወሬው እስከ ሀና ማርያም ደረሰና ሊቀመንበሩ አስጠራኝ።

«ታስሯል ትያለሽ አሉ።»

«ካልታሰረማ ይስጡኝ።»

እስኪመሽ በር ላይ አስቀምጦኝ ዋለ። ልጆቼ ጎረቤት ናቸው፤ ባልመለስስ ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ አስብ ነበር። ሲለቀኝ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም። ቤቴንም አልከፈትኩም፤ ሽሮና ቆጮ እየበላን ሰነበትን።

ከዚያ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ቀበሌው ድግስ ደገሰ። እንግዶቹ ክትፎ ይወዳሉ ተብሎ ጥበቃው ሊጠራኝ መጣ። ባዶ እጄን ሄድኩ። ቀዩ ሥጋ ተገዝቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሥጋ መፍጫ ማሽን ከየት እንደሆነ እንጃ ተውሰው አስረውበታል።

ሊቀመንበሩ «በዚህ ቶሎ ፍጪው» አለኝ።

«የተፈጨ ሥጋ የፈለገ ሰው ይፍጨው። እኔን ለክትፎ ነው የጠራችሁኝ።»

«እንግዶቹ ደርሰዋል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ይጠብቁ።»

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ወደ ቢሮው ሄደ። ቢላዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስለቱ ተሸራርፏል፤ እንጨት ፈልጠውበታል። ያን ጊዜ ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። ድንጋይ አስመጣሁና እሱ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ሳልቸኩል ሳልኩት። ከዚያ ነው ሥጋውን የነካሁት። ሚጥሚጣውንና ቅቤውን በእንጨት ማንኪያ አዋሃድኩ፣ በሸክላ ጣባ አወጣሁ። እንግዶቹ ደግመው አስጨመሩ።

ሲያበቃ ቢላዬን አጥቤ አደረቅኩና በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ነጠላዬ ሥር አደረግኩት። በሩ ላይ ጥበቃው መንገድ ዘጋብኝ።

«ቢላው ይቆያል ተብሏል።»

«ያለው ሰው ይምጣና ለእኔ ይንገረኝ። እዚሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

ውስጥ ንግግር ተጀምሮ ይጨበጨባል። ጥበቃው ወደ አዳራሹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ገብቶ ሊቀመንበሩን ከእንግዶቹ መሀል ለማስነሳት አልደፈረም። በሩን ከፈተልኝ።

በማግስቱ ሥጋ ገዝቼ ቤቴን ከፈትኩ። አሰሳው ከዚያም በኋላ ተመላልሶብናል። ደብቂው ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን ከተሰቀለበት አላወረድኩትም። የእንጀራዬን ዕቃ በገዛ ጓዳዬ የምደብቅበት ምክንያት አልታየኝም።