ከገንዳ ውሃ ጋር የተጫወትን ጊዜ

መተማ ዮሐንስ የሄድኩት በድሬሰርነት ተመድቤ ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ ምደባ ሲመጣ ለምን ብሎ መጠየቅ አይታሰብም። ከጎንደር አውቶቡስ ስሳፈር ስለ አገሩ የማውቀው ሙቀትና ወባ እንዳለው ብቻ ነበር። ሁለቱም እውነት ሆኑ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ነው። ጠዋት የወባ ኪኒን አድላለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቁስል አጥባለሁ። ድሬሰር ከሐኪም እንደሚለይ የሚያውቅም የሚገደውም ሰው ስላልነበረ ከተማው በሙሉ ሐኪም ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አርም ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ተውኩት።

ኳስ ወዳጅ የሆንኩት እዚያ ነው። ከሥራ በኋላ የሚኬድበት ሌላ ቦታ አልነበረም። አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ጋላባት በኩል ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣል። ሜዳው ሣር የሌለው ዋልካ መሬት ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ተጫዋች እግሩ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ወለም ይለዋል። ተጫዋቾቻችን የጉምሩክ ጫኝና አውራጅ፣ የመኪና ረዳት፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። አንድ አስተማሪም ነበረበት። እኔ ወለምታ ሳሽ ሳሽ ደጋፊ ሆንኩ። ሌላ ከተማ ስንሄድ የመድኃኒት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ከደጋፊው ጋር መኪና ላይ እወጣ ነበር።

የደጋፊዎቹ ትልቅ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ጨርቃ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ሁልጊዜ ነጭ ጀላቢያ ይለብሳሉ፤ ጨዋታ ባለ ቁጥር ከሱቃቸው የብረት ወንበር አስወጥተው ሜዳው ዳር ያስቀምጣሉ። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ መጥፎ ሲጫወቱ ብቻ ተነስተው ወንበሩን ያዞሩና ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ያ ከማንኛውም ስድብ የከፋ ነበር።

ከጎረቤታችን ከተማ ከገንዳ ውሃ ቡድን ጋር የተገናኘነው በዋንጫ ማጣሪያ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ እነሱ ሜዳ ላይ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ እሑድ ቀን ነበር። ሰሊጥ አጨዳው የተፋፋመበት ጊዜ ስለሆነ ከተማው ከጎጃምና ከወሎ በመጡ አጫጆች ተሞልቷል። እሑድ ሥራ የለም፤ ሁሉም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ኳስ ሊያይ መጥቷል። እኛ አርባ የምንሆን ሰዎች በአንድ የጭነት መኪና ነበር የሄድነው። ሐጂ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዜሮ ለዜሮ ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር ዳኛው ሪጎሬ ሰጠን። ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ከነበርኩበት በአቧራው የተነሳ ምንም አይታይም ነበር። አስተማሪው መታና አገባ። እኛ ዘለልን። ያኔ መዝለላችን ራሱ ስህተት እንደነበር የገባኝ ዙሪያውን ስመለከት ነው። ከእኛ ሌላ አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም።

ፊሽካው ሲነፋ ወደ መኪናችን መድረስ አልቻልንም። መንገዱን ትራክተር አቁመው ዘግተውት ነበር። ድንጋይ መጣ፤ ከዚያ ዱላ። አንድ ሰው የሻንጣዬን ማንጠልጠያ ይዞ ጎተተኝ፤ ወደቅኩ፣ ሻንጣው ከሥሬ ገባ፣ የአዮዲኑ ጠርሙስ ተሰበረ። ስነሳ ሱሪዬ ከጭኔ እስከ ጉልበቴ ቀይ ቡኒ ሆኗል። የጎተተኝ ሰው ያንን አይቶ ደም መሰለውና ለቀቀኝ። ፊቱን አስታውሰዋለሁ። ከእኔ ይልቅ እሱ ደንግጦ ነበር።

ሮጠን ሜዳው አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ገባን። ዴስኮቹን እየጎተትን በሩ ላይ ከመርን። ከዚያ ድንጋዩ ቆርቆሮው ላይ መዝነብ ጀመረ። በጦርነት ያለፉ ሰዎች የሚያወሩትን ሰምቻለሁና የእኔን ከዚያ ጋር አላወዳድርም። ግን ያ ድምፅ ውስጥ ስንቀመጥ ሻንጣዬን ራሴ ላይ ደፍቼ ነበር። አጠገቤ አንድ ኩንታል በአንድ ትከሻው የሚያነሳ ጫኝ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እናቴ ብቻዋን ናት" ይል ነበር። ለማንም አልነበረም የሚለው። ያንኑ እየደጋገመ ይላል። የበረኛችን ቅንድብ ተፈንክቶ ነበርና አዮዲን በሌለበት በጥጥ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አብዮት ጥበቃዎች መጡ፤ ወደ ሰማይ ተኮሱና መሀላቸው አስገብተው መኪናው ጋ አደረሱን። ስናልፍ ማንም አልነካንም። ግራና ቀኝ ቆመው ያዩናል፤ ሴቶችም ነበሩበት። አሸንፈን ነበር የምንመለሰው፤ ያንን ያስታወሰ ግን አልነበረም።

ወሬው መተማ ዮሐንስ ሲደርስ አደገ። ቡና ቤቱ ውስጥ ሲተረክ ዱላው ጩቤ ሆነ፤ አንድ ሰዓቱ እስከ ማታ ሆነ። ጫኙ ስለ እናቱ ያለውን ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁ። በምትኩ የመልሱ ጨዋታ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ይወራ ጀመር። ሐጂ የደጋፊውን ኮሚቴ ጠርተው እንግዶቹን በውኃና በሻይ እንድንቀበላቸው ተናገሩ። ሁሉም እሺ ብለው ወጡ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስሄድ ሜዳው ዳር መንገድ ሠራተኞች አራግፈውት የሄዱትን የኮረት ክምር አየዋለሁ። ዋልካ አገር ላይ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ክምሩን ስመለከት ምን እያሰብኩ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ኅዳር ሲገባ መጡ። እነሱም በአንድ መኪና። ያን ቀን ሻንጣዬን ክሊኒክ ትቼው ወጣሁ። ረስቼው ነው እል ነበር፤ አልረሳሁትም። እጄ ባዶ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ሁለት ለዜሮ አሸነፉን። በደንብ ተጫውተው ነው ያሸነፉን፤ ሐጂ ከሁለተኛው ጎል በፊት ወንበራቸውን አዙረው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ እንግዶቹ አልዘለሉም። ተጠጋግተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ወደ መኪናቸው መሄድ ጀመሩ። አካሄዳቸውን አወቅኩት። የእኛው አካሄድ ነበር። ይህን ማወቄ ግን አላቆመኝም። የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንደወረወረ አላውቅም፤ የእኔ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቢሆን ነው። ድንጋዩ ፀሐይ ስትመታው ስለዋለች ይሞቃል። ወረወርኩት። መኪናው አጠገብ አንድ ረጅም ሰው ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል ሐጂ የብረት ወንበራቸውን እየጎተቱ ሜዳውን ሲያቋርጡ አየሁ። አልሮጡም፤ መሮጥም አይችሉም። ድንጋይ ከራሳቸው በላይ ሲያልፍ ቀና ብለው አላዩም። ወንበሩን በእኛና በመኪናው መካከል አስቀመጡት፤ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀመጡ። አንድ ኮረት ከወንበሩ እግር ጋር ተጋጭቶ ነጠረ። ከዚያ በኋላ አንድም አልተወረወረም። እሳቸው ላይ የሚወረውር ሰው በከተማው አልነበረም።

ዓይናቸው ሰዉን አንድ በአንድ እያየ ሄደና እኔ ላይ ቆመ። ድንጋዩ እጄ ውስጥ ነበር።

"ሐኪም" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "ሻንጣህ የታለ?"

ድንጋዩን ጣልኩና ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

የሐጂ ሱቅ ልጆች የተጎዱትን ደግፈው አመጡልኝ። ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ በማጠብና በፋሻ የሚያልፉ ነበሩ። ስድስተኛው ረጅሙ ሰው ነው። ከጎጃም፣ ከሜጫ በኩል የመጣ አጫጅ ነበር፤ በሁለቱ ከተሞች መሀል ካለችው ከኮኪት አጠገብ ባለ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያራግፍ ነው የሰነበተው። ግንባሩ ከቅንድቡ በላይ ተከፍቷል። ማደንዘዣ ካለቀብኝ ወር አልፎ ነበርና እንደዚያው እንደምሰፋው ነገርኩት። "ስፋው" አለኝና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

አምስት ጊዜ ሰፋሁት። ሦስተኛው ላይ፣ ምናልባት ሕመሙን ለመርሳት ብሎ፣ ማውራት ጀመረ። ኳስ እንደማያውቅ ነገረኝ። እሑድ ስለሆነና መኪናው በነፃ ስለሚጭን፣ ድንበሩንም አይቶት ስለማያውቅ፣ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። "እኔማ ኳሲቱንም አላየኋት" አለኝ። "ሰዉ ከፊቴ ቆሞ ከለለኝ። ጎል ሲባል ነው የሰማሁት።"

ክሩን ቋጠርኩ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። ፋሻውን ጠቀለልኩለት፣ አልጋዋን ሰጠሁትና በማግሥቱ ጠዋት ወደ እርሻው በሚሄድ ትራክተር ላይ አሳፈርኩት። በሳምንቱ ክሩን ለማውጣት እንዲመለስ ነገርኩት።

ያ ሳምንት ረዘመብኝ። በየቀኑ ለራሴ የምናገረው አንድ ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው ነው የወረወረው፣ የእኔ ላይሆን ይችላል። እውነትም ላይሆን ይችላል። ግን እጄ ከለቀቀው በኋላ ዓይኔ ድንጋዩን ተከትሎት ነበር፤ የት እንዳረፈ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም። ወደ ሐጂ ሱቅ መሄድም አቃተኝ። ስኳር ሲያልቅብኝ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ።

በሳምንቱ መጣ። ቁስሉ ጥሩ ገጥሟል። ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ መቀሱን በአልኮል ጠረግኩ፣ ከዚያ መቀሱን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

"ያን ቀን እኔም ወርውሬ ነበር" አልኩት። "አንተን የመታህ የእኔ ይመስለኛል።"

ፊቱ ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቁጣውን ፈልጌው ነበር። ያየሁት ግን ድካም ነው፤ ከጎህ ጀምሮ ሰሊጥ ሲሸከም የዋለ ሰው ድካም፣ ሌላ ነገር የሚሸከምበት ቦታ የሌለው።

"ብዙ ሰው ወረወረ" አለኝ። "እኔም በቀደመው እዚያው ገንዳ ውሃ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ወርውሬያለሁ።" ግንባሩን ወደ እኔ አቀረበ። "በል ቶሎ አውጣልኝ፤ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል።"

አወጣሁለት። አመሰገነኝና ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም።

ሐጂ ጋ የሄድኩት በዚያው ቀን ነው። ስገባ ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት አልኳቸው። እኔን ምን አደረግከኝ አሉና ሰውየው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ድኗል አልኳቸው። ጥሩ አሉና ጨርቃቸውን መለካት ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ከሱቅ አላወጡትም። ልጆቹ ሄደው ለመኗቸው፤ እግሬን ያመኛል አሏቸው። ሜዳው ዳር ቦታቸው ባዶ ሆኖ ቀረ፣ ማንም አይቆምበትም ነበር። እኔ መሄዴን አላቋረጥኩም፤ ግን ከነሻንጣዬ ነበር፣ ጎል ሲገባም ቆሜ አላውቅም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከሁለቱም ከተማ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱና ቡድን የሚባል ነገር ጠፋ። በረኛችን አልተመለሰም። የጫኙን ወሬ ማግኘት አልቻልኩም።

በቅርቡ ጎንደር የዓይን ሕክምና ወረፋ ይዤ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የቆላ ሰው መሆኑን በአነጋገሩ ለየሁት። ስንጨዋወት ለካስ ያኔ ለገንዳ ውሃ ይጫወት የነበረ ነው። ሁለተኛዋን ጎል ያገባሁ እኔ ነኝ አለኝ። በዚያ ቀን መተማ ዮሐንስ ላይ እንዴት እንደፈራ፣ መኪናው ሥር እንዴት እንደተኛ፣ ወንበር ይዘው የመጡትን ሽማግሌ ሳይቀር አንድ በአንድ ተረከልኝ። ዙሪያችን ያሉት በሽተኞች ይሰሙታል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም አለ፣ እየሳቀ።

እኛም እናንተ ጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ተዘግቶብን ነበር አልኩት።

ሳቁን አቆመና ለማስታወስ ሞከረ። ግንባሩን አኮማተረ፣ ፊቱን ወደ ጣሪያው አቀና።

"ትምህርት ቤት?" አለኝ። "እሱን አላስታውስም።"

አልዋሸኝም። ስለ ቆርቆሮው መተረክ ጀመርኩለትና መሀል ላይ ተውኩት። ነርሷ ቀጣይ ስትል ተራው የእሱ ነበር፤ ዓይኑ በደንብ ስለማያይለት ክንዱን ይዤ እስከ በሩ አደረስኩት።