የሮቦቱ እግር

ልጄ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ከእንፋሎቱ ብዛት ፊቷ ወዝ አያጣም፤ «ቅባት የምትገዛ ሞኝ ናት፣ ካውያ ይበቃል» እያለች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ፎቶ መነሳት ግን ሞቷ ነው፤ ሊያነሷት ሲሉ ፊቷን ስለምታዞር አንዲትም ደህና ፎቶ አልተረፈንም።

አንድ ጊዜ ፊልም ሠሪዎች ሆቴሉ አረፉ። መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ስለፈለጉ ተኳሾቹን ከነሽርጣቸው ወሰዷቸው። ልጄ ስትመለስ ሳቋ አላናግር አላት።

«እማዬ፣ ከምን እንደሸሸን ብታዪ! ረጅም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ‹ይሄ ሮቦት ነው፣ ፍሩት› አሉን።»

«ፈራሽው?»

«እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ሮጥኩ እንጂ! ደግሞ አንዲት አሮጊት የምራቸውን ወደቁ። ተመልሼ አነሳኋቸው። አለቃቸው አጨበጨበልኝ፤ ‹ይቺ ከፊልሙ አትቆረጥም› አለ።»

በዓመቱ ታመመች፤ ፊልሙ ሳይወጣ ሞተች። ሚጣ የምንላት ልጇ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ፊልሙ ሰፈራችን ሲኒማ ቤት ሲገባ ሚጣ ስድስት ሞልቷታል።

«እማማ፣ እናቴ ስትራመድ አያለሁ?»

«ስትሮጥ ነው እንጂ የምታያት» አልኳት።

ያን ያህል ገንዘብ ፈሰሰበት የተባለው ፊልም ተራራ የሚያካክሉ ብረቶች ድብድብ ነው። የእያንዳንዱ ብረት ብሎን ሳይቀር ይታያል። ሕንፃ ሲናድ ግን ውስጡ ማን ነበር የሚል የለም። ጆሮዬ ደነዘዘ።

ከዚያ የሆቴሉ መንገድ መጣ። ሰዉ ይሮጣል። አሮጊቷ ወደቁ። አንዲት ባለ ነጭ ሽርጥ ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ ከጀርባዋ አወቅኋት። ቀና ልትል ስትል የሮቦቱ እግር ከላይ ወርዶ ከፊት ለፊቷ ተገተረና ጋረዳት። እግሩ ሲነሳ መንገዱ ባዶ ነው።

ሚጣ ክንዴን ያዘች። «የታለች? አለፈች እንዴ?»

ወዲያው አንዲት የማላውቃት ሴት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ እየተበተነ ወደ እኛ ሮጠች። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ያቺ ናት?»

«አዎ» አልኳት።

«ስታምር!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ስንወጣ ለትኬት ቆራጩ ነገረችው። ሰፈር ስንደርስ ለልብስ ሰፊው፣ ለባለሱቁ፣ ላገኘችው ሁሉ፣ «እናቴን አየኋት፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ!» አለች። ልብስ ሰፊው ልጄን ያውቃታል። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ አቀረቀርኩ።

በማግስቱ እንመለስ ብላ ለመነችኝ፣ ሄድን። እሷ ቢጫዋን ትጠብቃለች፣ እኔ ያቺን ጎንበስ ያለችውን። እግሩ ሲወርድ፣ ከኋላው የማያት ይመስል ከወንበሬ ተነስቼ አንገቴን ወደ ጎን ሰገግ አደረግሁ።

«እናቴ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ። «ከለሉኝ እኮ።»